ብርሃንና ቅርበት፦ ለሥራ፣ ለምርምርና ለትምህርት የሚታነጹ ሕንፃዎች አነዳደፍ

ሰዎች በኅብረት የሚያስቡበት፣ የሚመራመሩበት ወይም የሚማሩበት ሕንፃ ሲነደፍ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወሰኑና ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ የማይለወጡ ሁለት ርቀቶች አሉ። አንደኛው ሰው ከሚሠራበት ጠረጴዛ አንሥቶ በአቅራቢያው እስካለው መስኮት ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ያው ሰው ሥራው ሲወሳሰብበት ሊያማክረው እስከሚችለው ባልደረባው ድረስ ያለው ርቀት ነው። የግድግዳ ቀለም በየዘመኑ ይቀየራል፤ የቤት ዕቃ ይተካል፤ ክፍልፋዮች ይፈርሳሉ፣ ዳግመኛም ይሠራሉ፤ ምሰሶና ወለል ከቆሙ በኋላ ግን የሕንፃውን ስፋት ማጥበብም ሆነ ተራርቀው የተሠሩ ሁለት ክንፎችን ማቀራረብ አይቻልም። የብርሃን ጉዳይ ለኤሌክትሪክ መሐንዲሱ፣ የኅብረት ሥራ ጉዳይ ለአስተዳደሩ የሚተውበት ልማድ ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ሁለቱም የሚወሰኑት የወለሉ ስፋትና ርዝመት በሚወሰንበት በዚያው ቅጽበት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው መከራከሪያም ሁለቱ ፍላጎቶች በባሕርያቸው እርስ በርስ የሚጎተቱ ስለሆኑ የመልካም ሕንፃ ዋናው ፈተና ይህን ጉተታ አውቆ ማስታረቅ ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ የብርሃንን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። በአንድ ገጽ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንዳረፈ የሚለካበት መስፈሪያ ሉክስ ይባላል። በጠራራ ቀትር ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ የሚደርስ ሲሆን፣ ሰማይ በደመና ሲሸፈን እንኳ ወደ 10,000 ሉክስ ገደማ ማግኘት የተለመደ ነው፤ በአንጻሩ ለንባብና ለጽሕፈት በጠረጴዛ ላይ እንዲኖር በብዙ አገሮች ደረጃ የሚጠየቀው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ብቻ ነው። ሰማይ የሚሰጠው ከሚፈለገው ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ የሕንፃዎች መሐል በቀትር የሚጨልመው፣ ከጎን በመስኮት የገባ ብርሃን ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር በፍጥነት ስለሚደክም ነው። አርክቴክቶች ለረዥም ጊዜ ሲሠሩበት በኖሩት ግምታዊ ሕግ መሠረት፣ የቀን ብርሃን በአጥጋቢ መጠን የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለል ካለው ከፍታ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፤ የመስኮቱ አናት ከወለል 3 ሜትር ከሆነ ብርሃኑ ከ6 እስከ 7 ሜትር ተኩል ይደርሳል ማለት ነው። በሁለቱም ጎኖቹ መስኮት ያለው ሕንፃ እንግዲህ ስፋቱ ከ12 እስከ 15 ሜትር እስከሆነ ድረስ መሐሉ አይጨልምም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን የመስታወቱን ስፋት በመጨመር ብቻ ጨለማውን መግፋት አይቻልም። መስኮትን ወደ ጎን ከማስፋት ይልቅ ወደ ላይ ማስረዘም፣ ኮርኒሱንም ነጭ አድርጎ ብርሃኑን እንዲመልስ ማድረግ የበለጠ የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሁለተኛው ርቀት በመለኪያ የተደገፈ ዕውቀት የተገኘው ዘግይቶ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭር መጠሪያው በኤም አይ ቲ፣ ያስተምሩ የነበሩት ቶማስ አለን በምርምር ድርጅቶች ውስጥ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ስለ ሥራቸው ከማን ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደሚነጋገሩ ለዓመታት ካጠኑ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1977 በመጽሐፍ አሳተሙ። በጥናታቸው መሠረት ሁለት ሰዎች በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ስለ ሥራ የመነጋገራቸው ዕድል በመቀመጫዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር ወዲያውኑ ያሽቆለቁላል፤ ርቀቱ ወደ 50 ሜትር ሲጠጋም ዕድሉ እጅግ ዝቅ ካለ ደረጃ ላይ ስለሚረጋ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በረዥሙ ኮሪደር ማዶም ይሁን በሌላ ሕንፃ ውስጥ ልዩነቱ ጥቂት ይሆናል። በሁለት ሰዎች መካከል አንድ ፎቅ ሲገባ ደግሞ በሜትር ሲለካ ቅርብ የሆነው ሰው እንኳ በተግባር ይርቃል፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው የሚወጣበት ጉዳይ ሊኖረው ይገባልና፣ ጉዳይ ሳይኖር በመንገድ ላይ የሚፈጠረው ጭውውት ይቀራል። ከምርምር ታሪክ እንደሚታወቀው ደግሞ ያልታሰበ መፍትሔ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጉዳይ ሳይያዝለት ከተደረገ ጭውውት ነው።

እነዚህን ሁለት ሕጎች አንድ ላይ አስቀምጦ ማስላት ችግሩን በግልጽ ያሳያል። በአንድ ወለል ላይ 3,000 ካሬ ሜትር የሚያስፈልገው ተቋም አለ እንበል። ይህ ወለል ብርሃን በሚወድደው በ14 ሜትር ስፋት ቢዘረጋ ርዝመቱ ከ210 ሜትር ያልፋል፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉ ሰዎች አለን ካገኙት ወሰን አራት እጥፍ ያህል ይራራቃሉ። ያው ወለል ቅርበትን በሚወድደው የአራት ማዕዘን ቅርጽ ቢሠራ እያንዳንዱ ጎን ወደ 55 ሜትር ይሆንና ሰዎች ይቀራረባሉ፤ ከመሐል የሚቀመጡት ግን ከየትኛውም መስኮት 27 ሜትር ርቀው ዓመቱን ሙሉ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ይውላሉ። ቀጭኑ ሕንፃ ብርሃን ሰጥቶ ጉርብትናን ይነሣል፤ ወፍራሙ ጉርብትናን ሰጥቶ ብርሃንን ይነሣል። የኤሌክትሪክ መብራትና የአየር ማቀዝቀዣ ከተስፋፉ በኋላ የተሠሩ እጅግ ብዙ የቢሮ ሕንፃዎች ሁለተኛውን መንገድ የመረጡት ለሠራተኛው ቅርበት ታስቦ ሳይሆን በአንድ ቁራጭ መሬት ላይ የሚከራይ ወለል ለማብዛት ነበር፤ ይህም መታወቅ ይኖርበታል።

ሁለቱን ለማስታረቅ ከተገኙት መንገዶች ቀዳሚው ሕንፃውን ወፍራም አድርጎ መሐሉን ክፍት መተው ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ለአንድ የሳሙና ኩባንያ በቡፋሎ ከተማ የነደፉትና እ.ኤ.አ. በ1906 የተጠናቀቀው የላርኪን ሕንፃ፣ ወለሎቹ በመስታወት ጣሪያ በተሸፈነ አንድ ረዥም የውስጥ አደባባይ ዙሪያ የተደረደሩ ነበሩ። ሕንፃው የሚገኘው የባቡር ጭስ በሚበዛበት ሠፈር ስለነበር ወደ ውጭ ከመከፈት ይልቅ ብርሃኑን ከላይ ተቀበለ፤ ኃላፊዎቹም በዚያው አደባባይ ወለል ላይ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ ብርሃን ሥር ተቀመጡ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1950 መፍረሱ ለኪነ ሕንፃ ታሪክ ትልቅ ጉዳት ነው። ዛሬ አትሪየም ተብሎ የሚጠራው፣ ማለትም ከላይ ብርሃን የሚገባበትና ፎቆች የሚከቡት ከፍ ያለ የውስጥ ክፍት ቦታ፣ ከዚህ ዓይነት ሐሳብ ጋር የተዛመደ ነው። ይሁን እንጂ አትሪየም የራሱ ልክ አለው፤ ከስፋቱ አንጻር ጥልቀቱ ሲበዛ ብርሃኑ የላይኞቹን ፎቆች አብርቶ ታችኞቹን እንደ ጉድጓድ ጨለማ ይተዋቸዋል፤ በብዙ የገበያና የቢሮ ሕንፃዎች ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው። ሆላንዳዊው ኸርማን ኸርትስበርገር በአፔልዶርን ከተማ ለአንድ የመድን ድርጅት የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1972 የተመረቀው የሴንትራል በሄር ሕንፃ ግን አንድን ትልቅ አትሪየም በትኖ በብዙ ጠባብ ክፍተቶች ተካው፤ ሠራተኞቹ ጎናቸው 9 ሜትር በሆነ አነስተኛ መድረኮች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተቀምጠው፣ በመድረኮቹ መካከል ብርሃን ከጣሪያው እየወረደ፣ አንዱ ቡድን ሌላውን ከላይና ከታች እያየ ይሠራ ነበር።

ሌላው መንገድ ከንድፍ ይልቅ ከአጋጣሚ የተገኘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ኤም አይ ቲ ለራዳር ምርምር በጥድፊያ የሠራው ባለሦስት ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው እንዲፈርስ ታስቦ ነበር፤ ሕንፃ 20 በሚል ቁጥር ብቻ እየተጠራ እስከ 1998 ቆየ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ተመራማሪዎች፣ የኑክሌር ፊዚክስ ሊቃውንት፣ እነ ኖዓም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ ያሉበት የሥነ ልሳን ቡድን፣ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጎን ለጎን ኖረዋል። ሕንፃው አንድ ረዥም ክንፍና ከእርሱ የሚወጡ ጠባብ ክንፎች ስለነበሩት አብዛኛው ክፍል የሚከፈት መስኮት ነበረው፤ ክንፎቹ ሁሉ በአንድ መተላለፊያ ስለሚገናኙም ሰው ወደ ራሱ ክፍል ሲሄድ በሌሎች ሙያዎች በር ማለፉ አይቀርም ነበር። ተመራማሪዎቹ የእንጨት ግድግዳ ሲያስቸግራቸው ያፈርሱት ነበር፤ ጀሮልድ ዛካርያስ ለአቶሚክ ሰዓት ሥራቸው ወለል አስበስተው ዕቃቸውን ከአንድ ፎቅ በላይ አቁመዋል። ይህን ታሪክ የሚያነሡ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ርካሽና ዝርክርክ ሕንፃ ለፈጠራ ይበጃል ወደሚል መደምደሚያ ይቸኩላሉ። መደምደሚያው ግን ሕንፃው በክረምት የሚበርድ፣ በበጋ የሚሞቅ፣ አቧራና ፍንጣቂ የበዛበት መሆኑን ይዘነጋል፤ ለፈጠራው የጠቀመው ድህነቱ ሳይሆን የክንፎቹ ቀጭንነት፣ የመተላለፊያው አንድነትና ነዋሪው ክፍሉን እንደ ሥራው መለወጥ መቻሉ ነበር፤ እነዚህን ሦስቱንም ደግሞ በጥሩ ሕንፃ ውስጥ አስቦ ማግኘት ይቻላል።

አስቦ ማግኘት እንደሚቻል ከሚመሰክሩት ሕንፃዎች ሁሉ ሰፋ ያለ ትኩረት የሚገባው በካሊፎርኒያ ላ ሆያ ላይ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ፊት ለፊት የቆመው የሳልክ ተቋም ነው። የፖሊዮ ክትባት ያገኙት ጆናስ ሳልክ የሥነ ሕይወት ምርምር ማዕከል ለማቋቋም ሲነሡ ንድፉን ለሉዊስ ካን ሰጡ፤ ግንባታውም እ.ኤ.አ. በ1965 ተጠናቀቀ። ሁለት ረዣዥም ሕንፃዎች በመካከላቸው ክፍት አደባባይ ትተው ትይዩ ቆመዋል። እያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ወለል 20 ሜትር ያህል ስፋትና 75 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በመካከሉ አንድም ምሰሶ የለም፤ ይህን ያህል ስፋት ያለ ምሰሶ ለመሸፈን የተቻለው ጣሪያውን የሚሸከሙት የኮንክሪት አካላት ሰው ቆሞ ሊሄድባቸው የሚችል ቁመት ስላላቸው ነው። ካን ይህን ቁመት አላባከኑትም፤ በየቤተ ሙከራው ላይ 2.7 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የአገልግሎት ፎቅ አድርገው ውኃው፣ ጋዙ፣ የአየር ማስተላለፊያውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁሉ በዚያ እንዲያልፍ አደረጉ። በዚህም የተነሣ አንድ ቡድን የሥራውን ዓይነት ሲለውጥ ጥገና ሠራተኞቹ ከላይ ሆነው መስመሩን ያዛውራሉ፤ ከታች ያለው ምርምር ብዙም አይቋረጥም።

የብርሃኑ አያያዝም እንደዚሁ የታሰበበት ነው። በአካባቢው የከፍታ ገደብ ስለነበር ከስድስቱ ፎቆች ሁለቱ ከመሬት በታች እንዲሆኑ ግድ ሆነ፤ ካን ግን በሕንፃዎቹ ጎንና ጎን ሰፋፊ ጉድባዎችን አስቆፍረው ታችኛው ቤተ ሙከራ ሰማይ እንዲያይ አደረጉ። ወፍራም የሚባለው የ20 ሜትር ስፋት ጎኖቹ ከላይ እስከ ታች መስታወት ስለሆኑና ወለሉን የሚከፋፍል ግድግዳ ስለሌለ ከሁለቱም በኩል ብርሃን ያገኛል። ከቤተ ሙከራው ወጥቶ በአጭር ድልድይና ደረጃ የሚደረስባቸው ማማዎች ደግሞ ለሳይንቲስቶች የግል ማሰቢያ የሚሆኑ 36 ክፍሎችን ይዘዋል፤ ግድግዳዎቻቸው ሰያፍ ስለሆኑ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ባሕሩ የሚያይ መስኮት አለው። ጫጫታና ማሽን ያለበት የኅብረት ስፍራና በእንጨት የተለበጠ የጸጥታ ስፍራ በጥቂት እርምጃ ተለያይተው መቀመጣቸው የዚህ ሕንፃ ትልቁ ትምህርት ነው። ሜክሲኳዊው ሉዊስ ባራጋን ባስገቡት ምክር መሠረት ዛፍ ሳይተከልበት በድንጋይ የተነጠፈው አደባባይ ግን፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሚደነቁ የኪነ ሕንፃ ቦታዎች አንዱ ቢሆንም፣ ጥላ ስለሌለው ሰው ተቀምጦ እንዲወያይ የሚጋብዝ አይደለም፤ ለመወያያ ይበልጥ የሚመቹት በጥላ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎችና የደረጃ መድረኮች ናቸው።

በኅብረትና በብቸኝነት መካከል መመላለስ ለምርምር አስፈላጊ መሆኑን ለማወቅ የኢትዮጵያ አንባቢ ወደ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያን የቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው የቅኔውን መንገድ ከመምህሩ ከሰማ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዱሩ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ፈቀቅ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ሲያበቃ ይመለስና በመምህሩ ፊት ጓደኞቹ እየሰሙት ይነግራል፤ ይታረማል፤ የሌላውም ሲታረም ሰምቶ ይማራል። ቆጠራው የግል፣ ነገራው የጉባኤ ነው፤ ሁለቱም በቀን ብርሃን፣ ሁለቱም በእግር በሚደረስ ርቀት ይከናወናሉ። ለዘመናት የተፈተነው ይህ ሥርዓት የሚያስገነዝበው፣ ሰዎችን ቀኑን ሙሉ በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ብቻውን የኅብረት ሥራን እንደማያስገኝ ነው።

ክፍት ቢሮ የሚባለው፣ ማለትም ግድግዳዎችን አፍርሶ ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ሰፊ ወለል ላይ የሚያስቀምጠው አሠራር፣ የተሳሳተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢትን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ክፍት ቢሮ የተዛወሩ የሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞች በአንገታቸው ባንጠለጠሉት መመዝገቢያ መሣሪያ ሲለኩ፣ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ የኢሜይል ልውውጣቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ሰው መሸሸጊያ ሲያጣ ጆሮውን በማዳመጫ ይደፍናል፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አያነሣም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በመጨረሻም መናገሩን ይተዋል። ስለዚህ አለን ስለ ርቀት ያገኙት እውነት ከዚህ ጥናት ጋር አይጋጭም፤ ቅርበት ንግግርን የሚወልደው ሰውየው ሲፈልግ ሊዘጋው የሚችል በር ሲኖረው ነው።

በር ያላቸው ክፍሎችና ያልታሰበ ግንኙነት አብረው የሚሄዱበት ስፍራ መተላለፊያው ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው፣ በኖርማን ፎስተር ድርጅት የተነደፈው የጄምስ ክላርክ ማዕከል መሐንዲሶችን፣ ሐኪሞችንና የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎችን ለማቀራረብ የታሰበ ሲሆን፣ የውስጥ ኮሪደሮቹን አስወግዶ ሰው ሁሉ ግቢውን በሚያዩ የውጭ በረንዳዎች ላይ እንዲመላለስ አድርጓል። ቤተ ሙከራዎቹ በዚህ የተነሣ ኮሪደሩ ይወስድባቸው የነበረውን ቦታና ብርሃን አተረፉ፤ በአንድ ፎቅ ያለ ሰውም ማዶ ያለውን ባልደረባውን አይቶ መጥራት ቻለ። ይህ አሠራር ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ቢመስልም ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ክፍሎቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው በረንዳ ላይ የሚከፈቱበት፣ በሁለቱም ጎን መስኮት ያላቸው፣ ጂ ፕላስ ሁለት ወይም ጂ ፕላስ ሦስት የሆኑ የትምህርት ሕንፃዎች በየከተማው አሉ፤ በረንዳው መተላለፊያም፣ የዝናብ መጠለያም፣ የፀሐይ ጥላም፣ የእረፍት ሰዓት መገናኛም ነው። እንዲህ ያለው ሕንፃ የድሆች መፍትሔ ተደርጎ እየተቆጠረ፣ አዳዲስ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች በሁለት ረድፍ ክፍሎች መካከል በተጨመቀ ጨለማ ኮሪደር መሠራታቸው የሚያሳዝን ነው።

የቀን ብርሃን ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ወጪ ስለሚያድን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የብራውን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ በዓይን ውስጥ ለማየት ከሚያገለግሉት ከሚታወቁት ሁለት ዓይነት ሕዋሳት በተጨማሪ ብርሃንን ራሳቸው ተቀብለው ለአንጎል የጊዜ ማዕከል የሚያስተላልፉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። የሰውነት ሰዓት የሚባለው፣ እንቅልፍንና ንቃትን በ24 ሰዓት ዑደት የሚያስኬደው ሥርዓት፣ በተለይ በእነዚህ በኩል በሚመጣው ብርሃን በየዕለቱ ይቃናል፤ ለማንበብ የሚበቃው 300 ሉክስ ደግሞ ከውጭው ሰማይ አንጻር ሰውነትን እንደ ምሽት የሚያቆይ ደካማ ብርሃን ነው። በትምህርት ቤቶች ላይም በካሊፎርኒያ በሊሳ ሄሾንግ የተመራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የትምህርት ወረዳ የበለጠ የቀን ብርሃን ባላቸው ክፍሎች የተማሩ ሕፃናት በዓመት ውስጥ በሒሳብ 20 በመቶ፣ በንባብ 26 በመቶ ፈጥነው መሻሻላቸውን ዘግቧል። ውጤቱ ብዙ ያከራከረ ሲሆን፣ ያው ቡድን በ2003 በሌላ ወረዳ ያደረገው ተከታይ ጥናት ደግሞ ዓይን የሚያጥበረብር ብርሃንና ያለ ጥላ በቀጥታ የሚገባ ፀሐይ ትምህርትን እንደሚጎዱ አመልክቷል። ሁለቱ ጥናቶች አብረው ሲነበቡ በብርሃንና በፀሐይ መካከል ልዩነት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ፤ ይህ ልዩነት ደግሞ ከየትም በላይ የሚያሳስበው ለምድር ወገብ ቅርብ የሆኑ አገሮችን ነው።

አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ፣ በቀትር ከአናት ላይ ትውላለች፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ በ76 ዲግሪ ከፍታ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ ደቡብ አዘንብላ በ58 ዲግሪ ገደማ ትታያለች። ከዚህ ተነሥቶ የሚሰላው ውጤት ለነዳፊ እጅግ አስደሳች ነው፤ በደቡብ ግድግዳ ላይ ያለ ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ መስኮት በታኅሣሥ ቀትር ሙሉ በሙሉ በጥላ እንዲሸፈን ከአናቱ ወደ ውጭ የሚወጣ አንድ ሜትር ያህል የኮንክሪት ጠርዝ ይበቃዋል፤ በሰሜን በኩል ላለው ደግሞ በሰኔ ቀትር 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ ይበቃል። ከምሥራቅና ከምዕራብ የምትመጣው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ አግድም ጠርዝ አያግዳትም። ስለዚህ ሕንፃው ረዥም ጎኑን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ፣ መስኮቶቹም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢያዩ፣ ያለ መጋረጃና ያለ አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራበት ለመሆን ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

ይህን በመሰለ የአየር ጠባይ ውስጥ ዙሪያውን በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ማቆም የሚያስከትለው ነገር በከተማዋ በግልጽ ይታያል። ከጠረጴዛ ከፍታ በታች ያለ መስታወት ሙቀት ከማስገባት በቀር ለሚሠራበት ገጽ የሚጨምረው ብርሃን ኢምንት ነው፤ በመስኮት አጠገብ ያለው ብርሃን ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ዓይን ከእርሱ ጋር እያነጻጸረ የክፍሉን ውስጥ እንደ ጨለማ ያየዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ሠራተኛው መጋረጃውን ይዘጋል፤ መብራቱን ያበራል፤ መስታወቱ ለጌጥ ብቻ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚቆምበት የመስታወት ሕንፃ በብርሃን የተሞላ ሊባል አይችልም።

ክረምቱ የተለየ ፈተና ያመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ሰማዩ በደመና ሲከደን የጥላው ጠርዝ ያለ ሥራ ቆሞ ያለውን ብርሃን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰማይ አናቱ ከአድማሱ ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚያበራ፣ በዚህ ወቅት ብዙ የሚያተርፈው ወደ ላይ የሚያይ ክፍተት ነው፤ ግቢ፣ የጣሪያ መስኮት፣ ወደ ሰሜን የሚያይ የጣሪያ ስንጥቅ ዋጋቸው የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 በሠሩት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የታወቁትና በ2022 የፕሪትዝከርን የኪነ ሕንፃ ሽልማት ከአፍሪካውያን ቀድመው ያገኙት ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ፣ ለዚያው መንደር ቤተ መጻሕፍት የሸክላ እንስራዎችን አስቆርጠው በኮርኒሱ ውስጥ በማስገባት ብርሃንና አየር በየቀዳዳው እንዲገቡ አድርገዋል፤ ፀሐይዋ ተሰብራና ተበትና ስለምትገባ አንባቢው ብርሃኑን እንጂ ግለቷን አያገኝም። በአዲስ አበባ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል የተቀመጠው በመሰብሰቢያው ውስጥ ሳይሆን፣ ልዑካን ከጉባኤው በፊትና በኋላ ቆመው በሚነጋገሩበት የመግቢያ አዳራሽ ነው፤ በሕንፃው ውስጥ እጅግ የተዋበው ብርሃን ለመገናኛው ስፍራ ተሰጠ ማለት ነው።

ከላይ የተባሉት ሁሉ በተግባር እንዲውሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ አርክቴክቱ የሚነድፈው በተጠየቀው መጠን ነውና። ሕንፃ የሚያሠራ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም ወይም መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲቀርብለት የሚጠይቀው የፊት ገጽታውን የሚያሳይ ባለ ቀለም ሥዕል ሲሆን፣ ይህ ሥዕል ከሁለቱ ርቀቶች አንዱንም አይነግርም። መጠየቅ የሚገባው ሴክሽን የሚባለው፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቢቆረጥ ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ንድፍ ነው፤ የመስኮቱ አናት ከፍታ፣ የወለሉ ስፋት፣ የግቢው ጥልቀትና ደረጃው ከየት ወደ የት እንደሚያሳይ የሚነበበው ከዚያ ላይ ነው። ደረጃው በእሳት መከላከያ በር ተዘግቶ በጥግ የተደበቀ ከሆነ ሰው ሊፍት ይጠብቃል፤ በሊፍት ውስጥ ደግሞ የሚነጋገር ጥቂት ነው። የሻይ ቦታው ምድር ቤት ከተጣለ አይጎበኝም፤ ሁለት የተለያዩ የትምህርት ክፍሎች በሚያልፉበት መንታ ላይ፣ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ግን ያለ ምንም መመሪያ ሥራውን ይሠራል።

ብርሃኑን አስቀድሞ ለመመርመር ውድ የኮምፒውተር ፕሮግራም የግድ አያስፈልግም። ብርሃን በትንሽ ሞዴል ውስጥም በትልቅ ክፍል ውስጥም አንድ ዓይነት ጠባይ ስላለው፣ የግድግዳዎቹ ቀለም እውነተኛውን እስከመሰለ ድረስ በ1:20 መጠን በካርቶን የተሠራ ክፍል የሚሰጠው ልኬት ለእውነተኛው ክፍል በጣም ቅርብ ነው። የኪነ ሕንፃ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ሞዴል በሐምሌ ደመናማ ቀን ጣሪያ ላይ አውጥተው አንድ የሉክስ መለኪያ ከውጭ፣ ሌላ ከውስጥ ቢያስቀምጡ የቀን ብርሃን ድርሻ የሚባለውን፣ ማለትም ከውጭው ብርሃን ስንት በመቶው ውስጥ እንደደረሰ፣ በአንድ ጠዋት ያገኙታል፤ ከ2 በመቶ በታች የሆነ ስፍራ ቀኑን ሙሉ መብራት የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ወደ 5 በመቶ የሚጠጋው ያለ መብራት ሊሠራበት ይችላል። ያንኑ ሞዴል በታኅሣሥ ጥርት ባለ ቀን ረፋዱ ላይና ከቀትር በኋላ መልሰው ቢያወጡት ደግሞ ፀሐይዋ በየትኛው ሰዓት በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደምታርፍ በዓይናቸው ያያሉ፤ የጥላው ጠርዝ በስንት ሳንቲ ሜትር መርዘም እንዳለበትም በካርቶን ቁራጭ ሞክረው፣ ብረቱ ሳይታሰር ኮንክሪቱም ሳይፈስ፣ በንድፉ ላይ ያስገቡታል።